«ደሬ ቤት» የሚባለው ዋይፋይ

ማክሰኞ

አራት ይላል። እኛ ቤት ያለው ሦስት ነው፤ የኔ ስልክ፣ የኔ ላፕቶፕ፣ የማክዳ ታብሌት። ደግሜ ቆጠርኩ። ማክዳንም ቁጠሪ አልኳት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አትሳሳትም፤ እሷም ሦስት አለች። የራውተሩ ገጽ ላይ ግን አራት ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ዘጠና ገጽ ታይፕ አድርጌ ጨርሼ በቴሌግራም ልልክለት ስል አልሄድ አለኝ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። አከራዬ ጋሽ ተካ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ ፈታትተው ተቀምጠው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ፤ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ ዘመዳቸው ነው፤ አሁን አሁን ሽቦ የሌለበትም። «እስቲ ልየው» ብለው መነጽራቸውን እየጠረጉ መጡ።

ራውተሩን ገለበጡት። ከሥሩ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ላፕቶፔ ላይ ጻፉ። የይለፍ ቃል ሲጠይቃቸው እዚያችው ወረቀት ላይ ያለውን አስገቡ፤ ገባ። ሳቁብኝ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ ይደብቃል፤ ራውተሩን ራሱን የሚያዘውን ፓስወርድ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። የግቢውን በር ቆልፈሽ የቤትሽን ቁልፍ በሩ ላይ እንደመተው ነው።»

ከዚያ የተያያዙትን ዝርዝር አሳዩኝ። ሦስቱ ደመቅ ብለው ተጽፈዋል። አራተኛው ፈዘዝ ብሏል። ፈዘዝ ያለው አሁን የለም ማለት ነው አሉኝ፤ ከረፋዱ 4፡10 ላይ ገብቶ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ወጥቷል። ስሙን ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«የደሬ ስልክ ይላል። ደሬ ማለት ባለቤትሽ አይደለም እንዴ? መጥቷል?»

አልመጣም አልኩ። አሮጌ ስልኩ ነው፣ ማክዳ ትጫወትበታለች አልኩ። ምላሴ እንዲህ መፍጠኑ ራሴን ገረመኝ። እሳቸውም «እህ» ብለው ወደ ሬዲዮናቸው ተመለሱ።

ፋይሉ በኋላ ሄደ። ተማሪው አመስግኖኛል።

ረቡዕ

በደንብ ልጻፈው። ለሰው ያልነገርኩትን ቢያንስ ለዚህ ደብተር ልንገረው።

ደረጀ ባሌ ነው። የፍቺው ወረቀት ገና ስላልተጀመረ «ነበር» ማለት አልችልም። ከሰሚቱ ቤታችን ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። እሱ ሥራ ሄዶ ሳለ ማክዳን ከትምህርት ቤት አወጣሁና ሁለት ሻንጣ፣ ላፕቶፕና ራውተር ይዤ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጬ ኮልፌ ገባሁ። የመረጥኩት እሱ እዚህ ዘመድም ጉዳይም ስለሌለው ነው። የወጣሁበት ምክንያት የግራ እጄ ነው። ሁለት ጣቶቼ በሩ መሃል እንዳሉ አይቶ፣ ዓይኔን እያየ፣ በሩን ዘጋባቸው። እስከዛሬ ረጅም ጽሑፍ ስመታ ጠዝጥዞ ያመኛል። በዚያ ሰሞን ለሕግ ሰው ተናግሬ ነበር። «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» ተብዬ ተመለስኩ።

ቤት ስፈልግ ሁለት ቦታ «ባል የሌላት ሴት አናከራይም» ብለው መለሱኝ። እዚህ፣ ከ18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ ያለው ግቢ ስደርስ ተምሬ ነበር። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ነው አልኩ። የጋሽ ተካ ባለቤት እትዬ ዘነበች ጌታን የሚወዱ፣ ትዳር የሚያከብሩ ሴት ናቸው፤ ደስ አላቸው። በየሳምንቱ «ለአቶ ደረጀ ጸልየናል» ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ራውተሩ ሲም የሚገባበት ዓይነት ነው፤ የትም ብትሰኪው ይሠራል። ስሙን ያወጣው ደረጀ ነው፤ «ደሬ ቤት»። እዚህ ስመጣ ልቀይረው አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደሚቀየር አላወቅሁም፤ ካልተቀየረ ደግሞ ላፕቶፑም ታብሌቱም ሳይለፉ ራሳቸው ይይዛሉ። ሰነፍኩ። ለውሸቴም ጠቀመኝ። እትዬ ዘነበች ስልካቸው ላይ «ደሬ ቤት» የሚለውን ሲያዩ «ስሙን በቤቱ ላይ ትቶልሽ ሄደ፣ ጎበዝ አባወራ» አሉ። እኔም ሳቅሁ።

ዛሬም ስልኩ ገብቶ ነበር፤ ከረፋዱ 4፡05። አስራ አራት ደቂቃ።

ምናልባት ስልኩን ሸጦት ይሆናል አልኩ። ያገለገለ ስልክ ማዞሪያው ላይ ሞልቷል፤ አንዱ የኮልፌ ሰው ገዝቶት ይሆናል። ጋሽ ተካን ለጨዋታ ያህል መስዬ ጠየቅኋቸው። «ሲሸጥ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል እኮ» አሉኝ። «ስልክ አንዴ የገባበትን ዋይፋይ ያስታውሳል፤ ሲያጠፉት ግን ከነትዝታው ነው። ባለቤቱ በኪሱ ይዞት ሲሄድ ከሆነ ግን ስሙና ፓስወርዱ አንድ እስከሆነ ድረስ ሳያስፈቅድ ይገባል። ራውተር ዝም አይልም፣ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ስሙን እየጠራ ነው። የሚያውቀው ስልክ ሲሰማው አቤት ይላል።»

ሰባት ወር ሙሉ ቤቴ የባሌን ስም ሲጠራ ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ

ማክዳን ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ለመምህሯ ጉንፋን ይዟታል አልኩ። ማክዳ «ደህና ነኝ እኮ» ብላ አኮረፈች።

ጋሽ ተካ ሥራ ሲገኝላቸው ደስ ይላቸዋል። እስከ የት ይደርሳል ብዬ ብጠይቃቸው ስልኬን ይዘው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ይሄ ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል። አንደኛው ዝግ የሚለው ነው፤ ብሎኬቱንም ጭቃውንም አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛው ስሙ መጨረሻ ላይ «5» ያለበት ነው፤ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ አይወድም። የቆርቆሮ አጥር ሁለቱንም ያዳክማል። ሩቅ የሚሄደው ግቢያችን በር ላይ አራት የሲግናል መስመር አሳየ፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ ሦስት፣ አትክልት መሸጫዋ ጋ ሁለት፣ አስፋልቱ ላይ አንድ። አስፋልቱን ሲሻገሩ ጠፋ። አምስቱ ግን ከግቢው በር አያልፍም። ቤት ገብቼ ሁሉንም በወረቀት ሳልኩት።

የዛሬው እንዲህ ነው፦
ጠዋት 3፡40፣ ስድስት ደቂቃ።
ረፋድ 4፡30፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ።
ሁለቱም ሩቅ በሚሄደው።

ለምን አትነቅይውም ትለኛለች በውስጤ ካሉት ሁለት ሰናይቶች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ትመልሳለች፤ ከነቀልኩት መምጣቱን በምን አውቃለሁ? አይጦች ተሰብስበው ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር ተባባሉ ይባላል፤ የሚያስር ጠፋ። ለኔ ሳልለፋ ታስሮልኛል። ሲመጣ አውቃለሁ፣ ሲሄድ አውቃለሁ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። እሱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ አልኩ።

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ሽንኩርት ስከትፍ ነው የገባኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

እሱም ስልክ ይዟል። የእሱም ስልክ መስመሮቹን ያሳያል። አስፋልቱ ላይ አንድ፣ አትክልት መሸጫዋ ጋ ሁለት፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ ሦስት። መጀመሪያ ቀን በታክሲ ሲያልፍ «ደሬ ቤት» ስልኩ ላይ ብቅ ሲልበት ምን እንዳሰበ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ግን በእግሩ ነው። ማክዳ ከጓደኞቿ ጋር ዕቃ ደብቃ «ሙቅ፣ ቀዝቃዛ» እንደምትጫወተው እየተጫወተ ነው። «ሙቅ» እያለ የሚመራው የኔ ራውተር ነው።

ነቀልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነቅሎ ቆየ። ያ ሁለት ሰዓት ከሰባቱ ወር ሁሉ ይከፋል። ኮቴ ስሰማ እሱ ነው፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እሱ ነው። መልሼ ሰካሁት። ሥራ አለብኝ ብዬ ነው የሰካሁት፤ ውሸት ነው፣ ሥራ አልሠራሁም። ዝርዝሩን ሳይ ዋልኩ።

ዓርብ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዛሬ ረፋድ 4፡48። ዘጠኝ ደቂቃ። በአምስቱ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አምስቱ ከግቢው በር አያልፍም። ስለዚህ በሩ ላይ ነበር፤ ቆርቆሮውን ተደግፎ። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ።

4፡48 ላይ እኔ የት ነበርኩ? ግቢው መሃል፣ ሳፋው ላይ አጎንብሼ ልብስ አጥብ ነበር። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ። የእትዬ ዘነበችን መዝሙር ሰምቼ አብሬ አንጎራጉር ነበር። የግቢያችን በር ከመወርወሪያው አጠገብ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ አለው፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ዝርዝሩን ያየሁት ልብሱን አስጥቼ ከገባሁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ቀዳዳውን በማክዳ ማስቲካ ደፈንኩት። ደፍኜ ስጨርስ ምን እየሠራሁ ነው ብዬ በራሴ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። ማክዳ እንዳታይ ፊቴን ታጠብኩ።

በሩን ግን አላንኳኳም። ለምን? ደረጀን አውቀዋለሁ። ሰው እንዲፈራው መጠበቅ ይወዳል። ሰሚት እያለን ከመቆጣቱ በፊት ሁልጊዜ ዝም ብሎ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ አንድ ብርጭቆ፣ በቀስታ።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ሲያንኳኳ በሩን የምከፍተው እኔ አይደለሁም። የግቢው ቁልፍ እትዬ ዘነበች ጋ ነው። «ደረጀ ነኝ» ካላቸው እልል ብለው ነው የሚያስገቡት። እንደዚያ እንዲያደርጉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ማክዳ ታብሌቷን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ግን አዲስ መጥቷል፤ አንቺን ይጠራል።»

ተቀበልኳት። በዙሪያችን ያሉት የጎረቤት ዋይፋዮች ስም ተደርድሯል። «ደሬ ቤት» የለም። በሱ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ፣ አራት ሙሉ መስመር ይዞ፦

«ሰናይት ክፈቺ»

ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማክዳ «ማነው የጻፈው?» አለችኝ፤ ኩባንያው ነው አልኳት። ጮክ ብሎ ቢጣራ ይሻለኝ ነበር። ያ ጽሑፍ የኛን ክፍል አልፎ፣ የአከራዮቼን ሳሎን አልፎ፣ ጫማ ጠጋኙ ስልክ ላይ፣ አትክልት ሻጯ ስልክ ላይ ስሜን አድርሷል።

ጋሽ ተካ ሳልጠራቸው መጡ። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ማክዳ፣ አያትሽ ዘነበች ጋ ሂጂ፣ ሙዝ ትስጥሽ» አሉ። በሩን ዘጉና «ያ አሮጌ ስልክ እውነት አንቺ ጋ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጣቴን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሳቸው የወቀሱት ራሳቸውን ነው። «ማክሰኞ እኔ ያንን ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርድ አይቼ ስቄ ሄድኩ። ያን ዕለት ብቀይረው ኖሮ… ሰውየው ዋይፋዩ ውስጥ ከገባ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ካወቀ፣ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። እሱው አይደል የገዛው? ያውቀዋል።»

ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ወግተው እስኪጠፋ ያዙት። እንደ አዲስ ተወለደ። ስሙን ቁጥር ብቻ አደረጉት። የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀየሩ፣ የራውተሩንም ቀየሩ፣ ሁለቱን በየብቻው ወረቀት ጻፉልኝ። ማንም ስም የማይሰጠው የቁጥር መዓት ስልኬ ላይ ሳይ ደስ አለኝ። ከዚያ ቃጭሉም እንደተፈታ ትዝ አለኝ።

«ለዘነበች ንገሪያት» አሉኝ ሲወጡ። «ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

አመሻሹ ላይ ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። በመጨረሻ «ሰባት ወር ስጸልይለት» አሉ። «ሰባት ወር አሜን ስትዪ።» እኔም ይቅርታ አልኩ። ጣቴን አዩት፣ ዳሰሱት፣ አለቀሱ። ውጪ ግን አላሉኝም፤ ቆዪም አላሉኝም። ጌታ የሚለውን ልስማ ብቻ አሉኝ።

እሁድ

እነ ጋሽ ተካ ጠዋት ቸርች ሄዱ። ግቢው ውስጥ እኔና ማክዳ ብቻ። የክፍላችንን በር ከውስጥ ቆልፌ ወንበር አስደግፌበታለሁ፤ ወንበር ምን እንደሚያደርግ እንጃ።

ዝርዝሩ ላይ ሦስት ብቻ። ይሄ ዛሬ ምንም አይነግረኝም። የግቢው በር ላይ ቢቆምም ስልኩ አያውቀንም።

ማክዳ «አባዬ መጥቶ ነበር አይደል?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «አንቺ ምሳሽን አልበላሽም» አለች። እንግዲህ ይሄን ነው ልጄ የምታነበው።

ሌላ የሚጻፍ የለም። ቀኑ ረጅም ነበር።

ሰኞ

አንኳኳ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ። አውቀዋለሁ ያንን ማንኳኳት። ማክዳን ይዤ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ቆምኩ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልላክኋትም። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሲወጡ በመስኮቱ ጥግ አየኋቸው። ጋሽ ተካ ማዞሪያው ጋ ሽቦ ሊገዙ ሄደው ነበር። በሩ ተከፈተ። ድምፁን ሰማሁት፤ ቃሉን ግን አልሰማሁም። የወረደ፣ የለሰለሰ ድምፅ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እትዬ ዘነበች ወደ ክፍሌ መጡ፤ በእጃቸው ሙዝና ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዘዋል።

«ሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አለቀሰ። እግሬ ላይ ወደቀ። በጣትሽ ተጸጽቷል፤ ራሱ ነው ያነሣው። አላስገባሁትም። ግን ደጄ መጥቶ ያለቀሰን ሰው ጨክኜ መመለስ አልቻልኩም። እሁድ ከአገልግሎት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከቸርቻችን ሽማግሌዎች ጋር ይመጣል። እኔም አለሁ። ማንም አይነካሽም።»

«እትዬ፣ ጣቴን በር የዘጋብኝ ዕለትም አልቅሷል» አልኳቸው።

«የዛሬው ሌላ ነው» አሉ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደሉም። ብርቱካኑን ማክዳ እንዳትነካ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት።

ረቡዕ

ትናንት አልጻፍኩም፤ ሳስብ ነበር።

የሚሆነውን አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ለሁለታችንም ይናገራሉ። እሱ ያለቅሳል። እኔ ዝም ካልኩ ልበ ደንዳና እባላለሁ፤ ከተናገርኩ አፈኛ። «ለልጅሽ ስትዪ» ይሉኛል። ከዚያ በታክሲ ወደ ሰሚት፣ ሁለቱ ሻንጣ ከኋላ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ይጠጣል።

አልቆይም። ለአንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። «ነይ» አለችኝ፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። የት እንደምትኖር እዚህም አልጽፍም።

ለጋሽ ተካ ልነግራቸው ስል እጃቸውን አነሡ። «የት እንደምትሄጂ አትንገሪኝ። የማላውቀውን ዘነበች ብትጠይቀኝ አልዋሻትም።» ከዚያ ራውተሩን አዩና «ይሄንንስ?» አሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነበር። «አሮጌውን ስም መልሱለት» አልኳቸው። «አሮጌውን ፓስወርድም።»

ቶሎ አልገባቸውም። እኔ አስረዳኋቸው። እሁድ እስኪደርስ ደረጀ በአስፋልቱ ሲያልፍ ስልኩን ያያል። «ደሬ ቤት» ካለ እኔም አለሁ ብሎ ያምናል፤ ሌላ ቦታ አይፈልገኝም። ከሌለ ዛሬውኑ መፈለግ ይጀምራል። አራት ቀን ነው የምፈልገው።

«ሲሙን ግን አውጥተሽ ውሰጂ» አሉኝ በመጨረሻ። «ስሙን ለመጥራት ሲም አያስፈልገውም። ዋይፋይ ሌላ፣ ኢንተርኔት ሌላ። ስልኩ ይያያዛል፤ ምንም ነገር ግን አይከፍትለትም።» የራውተሩን ፓስወርድ ግን አዲሱን እንዳለ ተዉት። ስሙን በድጋሚ እንዳይጽፍብን ነው አሉ። «ብን» ማለታቸው ሆዴን አባባው።

ዓርብ

ትናንት ወጣን። እትዬ ዘነበች ለጸሎት ኅብረት ቤቴል በሄዱበት ሰዓት ነው። ሳልሰናበታቸው። ደብዳቤ ትቼላቸዋለሁ፤ ይቅርታ የሚል አንድ ገጽ፣ ለሰባት ወሩ አሜንም፣ ለዚህም። ጋሽ ተካ ሻንጣውን እስከ አስፋልቱ ተሸከሙልኝ። ማክዳ ስትስማቸው አንገታቸውን ጠምጥማ አልለቅም አለች።

ወደ አስፋልቱ ስንወርድ ስልኬን እያየሁ ነበር። አራት መስመር፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ታክሲው ሲነሣ ጠፋ።

የሄድንበት ቤት ፎቅ ነው። በዙሪያው ሰላሳ ያህል ዋይፋይ አለ፤ የማላውቃቸው ስሞች። ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩ።

እሁድ

ከጠዋት ጀምሮ የግድግዳውን ሰዓት ስቆጥር ነበር። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሽ ተካ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከጓሮ።

«መጥቷል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። ስልኩ ገብቷል፣ በአምስቱ ነው።»

የምጽፈው አሳፋሪ ሊሆን ይችላል፤ ደስ አለኝ። ወንበር ላይ ተለጥጬ ተቀመጥኩ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጀ የት እንዳለ በሜትር አውቃለሁ፤ ኮልፌ፣ ከግቢው በር ወዲህ። እዚያ ካለ እዚህ የለም። ማክዳን ፀጉሯን ልሥራልሽ አልኳት፤ አንድ ጎን ሠራሁ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ደወሉ። እትዬ ዘነበች ክፍሌን ከፍተው ባዶነቱን አይተዋል። ደብዳቤውን ሽማግሌዎቹ ፊት አነበቡት፤ ስለ ጣቴ የጻፍኩት ጋ ሲደርሱ ደግመው አነበቡት። አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው «ይህን አልነገርከንም» አሉት። ደረጀ አልጮኸም።

«ምን አደረገ?» አልኩ።

«ውሃ ስጡኝ አለ» አሉኝ ጋሽ ተካ። «ቆሞ ጠጣ። ከዚያ ወደ ክፍልሽ ገባና ይሄ የኔ ነው ብሎ ራውተሩን ነቀለው። ብብቱ ውስጥ ይዞት ወጣ። ልከለክለው ፈልጌ ነበር፤ ዘነበች ያዘችኝ። ራሷ በሩን ከኋላው ቆለፈችው። አሁን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰላም በልልኝ ብላለች።»

«ወዴት ሄደ?»

«በአስፋልቱ ወደ ታች። ከዚያ አላየሁትም፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘጋሁት። የማክዳ ፀጉር በአንድ ጎን ተሠርቶ በአንድ ጎን ተበትኗል፤ ታብሌቷ ጭኗ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ራውተሩ አሁን እሱ ጋ ነው። የትም ሊሰካው ይችላል፤ ቤቱ፣ መኪና ውስጥ፣ በየሰፈሩ። የራውተሩን ፓስወርድ ባያውቅም በመርፌ ወግቶ እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ የድሮውን ስምና የድሮውን ፓስወርድ ይሰጠዋል። የማክዳ ታብሌት ደግሞ «ደሬ ቤት»ን አልረሳችም። አጠገባችን ቢደርስ ሳታስፈቅደኝ አቤት ትላለች። እሱም ዝርዝሩን ይከፍትና «የማክዳ ታብሌት» የሚለውን ያነባል።

«ደሬ ቤት»ን ታብሌቷ ላይ ልተወው እንዴ ብዬ አስቤያለሁ፤ እውነቱን ልጻፍ። ታብሌቷ ከያዘች ቅርብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃጭሌ ይመለሳል። ጣቴ ስክሪኑ ላይ ቆየ። ማክዳ ታየኛለች።

አጠፋሁት። «ደሬ ቤት»ንም፣ «ደሬ ቤት 5»ንም። ከታብሌቱ፣ ከላፕቶፑ፣ ከኔ ስልክ። ስድስት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ፤ ስድስት ጊዜ አዎ አልኩት።

«አሁን ዋይፋይ የለንም?» አለች ማክዳ።

«የለንም።»

«እሺ» አለችና ያልተሠራውን ጎን ወደ እኔ አዞረች። እሱን ሠራሁላት።

እሱ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። እሱም እኛ የት እንዳለን አያውቅም። በሩን ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ተቆልፏል።